ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ምርምር የትኛውን ገንዘብ እንጠይቅ? ከጎንደር ለሚያመለክቱ የቀረበ ንጽጽር

ከካላዛር ሕመምተኛ ጣፊያ ወይም መቅኒ የተወሰደ ናሙና ስላይድ ላይ ተቀብቶና ቀለም ተነክሮ በማይክሮስኮፕ ሲታይ፣ የላቦራቶሪ ባለሙያው የሚፈልገው ከ2 እስከ 4 ማይክሮሜትር ብቻ የሚሆን ክብ ጥገኛ ተዋሲያን ነው። በክቡ ውስጥ አንዱ ተለቅ፣ ሌላው አነስ ያሉ ሁለት ጠቆር ያሉ ነጥቦች አብረው ካልታዩ በቀር ያ ነገር ተራ የቀለም ዝቃጭ ሊሆን ይችላል። ከመተማና ከሑመራ ቆላ የቀን ሥራ ሠርተው የሚመለሱ ወጣቶች ይህን በሽታ ይዘው ወደ ጎንደር ስለሚመጡ፣ የስልክ ካሜራን ከማይክሮስኮፕ ጋር አገናኝቶ ተዋሲያኑን የሚለይ ፕሮግራም የመሥራት ሐሳብ እዚህ ለሚገኝ ተመራማሪ የቅንጦት ሐሳብ አይደለም። ነገር ግን ኮምፒውተሩ ከመማሩ አስቀድሞ አንድ የሠለጠነ ሰው በእያንዳንዱ ፎቶ ላይ ተዋሲያኑን እየከበበ ምልክት ማድረግ አለበት። አንድ ጊዜ አጠገቡ ተቀምጬ ሳይ ባለሙያው ሦስት ክብ አሰመረ፣ አንዱን ሰረዘ፣ ተጠራጥሮም ባልደረባውን ጠርቶ «ይኼ ነው አይደል?» ብሎ ጠየቀ። ለአንድ ፎቶ ብቻ ሩብ ሰዓት ያህል ሄደ።

ገንዘብ ፍለጋው መጀመር ያለበት ከዚያ ሩብ ሰዓት ነው። ፕሮፖዛል ለማዘጋጀት ከሚሰባሰቡ ቡድኖች ጋር በተቀመጥኩ ቁጥር አስቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ «ስንት ብር ይሰጣሉ?» የሚለው ነው፤ ሥራችን አሁን የጎደለው ምንድን ነው ብሎ የሚጀምር ቡድን ግን እምብዛም አላጋጠመኝም። ይህ ንጽጽር ከጎንደር ሆኖ ለጤና፣ ለግብርና፣ ለቋንቋ ወይም ለቅርስ ጥበቃ የሚሆን የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥራ ማከናወን የሚፈልግ ተመራማሪ፣ ተማሪ ወይም ማኅበር በፊቱ ካሉት የገንዘብ ምንጮች መካከል ለእርሱ የሚስማማውን እንዲለይ የታሰበ ነው።

በምን እንመዝናቸው?

የመጀመሪያው መመዘኛ ገንዘቡ ለየትኛው የሥራ ምዕራፍ እንደተመደበ ማወቅ ነው። የዚህ ዓይነቱ ሥራ ወጪ በአራት ይከፈላል፤ ዳታ መሰብሰብና ምልክት ማድረግ፣ ሰው ማሠልጠን፣ የኮምፒውተር ኃይል ማግኘት፣ በመጨረሻም የተሠራውን ነገር ጤና ጣቢያ ወይም የገበሬ ማሳ ድረስ ወስዶ ሥራ ላይ ማዋል። አብዛኛው ለጋሽ ከአራቱ አንዱን ወይም ሁለቱን ብቻ ይሸፍናል። ዳታ የሌለው ቡድን ለሥራ ማስፋፊያ የተመደበ ገንዘብ ቢጠይቅ፣ ፕሮፖዛሉ በአማረ ቋንቋ ቢጻፍ እንኳ ገምጋሚው ክፍተቱን ወዲያው ያየዋል።

ሁለተኛው ገንዘቡ በማን ስም እንደሚገባ ነው። ከታላላቅ ለጋሾች መካከል ለግለሰብ በቀጥታ የሚሰጥ ጥቂት ስለሆነ ተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ፣ የተመዘገበ ሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅት ወይም የንግድ ድርጅት መሆን ይኖርበታል። በዚህ በኩል ሕጉ ካለፈው ዘመን ይልቅ ዛሬ ሰፊ ነው። የቀድሞው አዋጅ ቁጥር 621/2001 በመብት ጉዳዮች ላይ የሚሠሩ አገር በቀል ማኅበራት ከውጭ የሚያገኙትን ገቢ በ10 በመቶ ወስኖት የነበረ ሲሆን፣ በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 ያ ገደብ ተነሥቷል። ይኸው አዋጅ የአስተዳደር ወጪ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ስለሚያዝ ግን በጀት ሲሠራ የሒሳብ ባለሙያው፣ የቢሮ ኪራዩና የመኪናው ነዳጅ በየትኛው ወገን እንደሚመዘገቡ አስቀድሞ ከፋይናንስ ሰው ጋር መነጋገር ያስፈልጋል።

ሦስተኛው መመዘኛ ድካሙን ከዕድሉ ጋር ማነጻጸር ነው። የጎግል በጎ አድራጎት ክንፍ የሆነው ጎግል ዶት ኦርግ እ.ኤ.አ. በ2019 ውጤቱን ያሳወቀው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ውድድር 25 ሚሊዮን ዶላር ለ20 ድርጅቶች ያከፋፈለ ሲሆን፣ ያመለከቱት 2,602 ነበሩ፤ ይህም ከ130 አመልካች አንድ ማለት ነው። የጌትስ ፋውንዴሽን እ.ኤ.አ. በ2023 ግራንድ ቻሌንጅስ በተባለው የድጋፍ መርሐ ግብሩ በኩል ስለ ታላላቅ የቋንቋ ሞዴሎች ባወጣው ጥሪ ደግሞ ከ1,300 በላይ ማመልከቻዎች ቀርበው ወደ 50 የሚጠጉት ተመርጠዋል፤ እያንዳንዳቸውም እስከ 100,000 ዶላር አግኝተዋል። ከ26 አንድ ገደማ መሆኑ ነው። ትልቁን ገንዘብ ብቻ እያዩ ዓመት ሙሉ የሚደክሙ ወዳጆቼ ይህን ስሌት አስቀድመው ቢሠሩት ኖሮ ብዙ ሌሊት ባልባከነ ነበር።

አራተኛው ምንዛሪና የበጀት ዓመት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲተመን ከተወሰነ በኋላ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ 100 ብርን አልፏል። በጀቱን በብር የያዘ ፕሮጀክት ላፕቶፕና የማከማቻ ዲስክ መግዛት አቃተው፤ ሥራው ያው ሆኖ የገንዘቡ አቅም በግማሽ ያህል ቀነሰ። በዶላር የተፈራረመ ቡድን በአንጻሩ ለምልክት አድራጊዎቹ የሚከፍለውን ለማሻሻል ቻለ።

አምስተኛውና እኔ ከሁሉ የማስቀድመው የዳታው ዕጣ ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚሹት መካከል ስለሚቆጥር፣ እንዲህ ያለውን ዳታ ወደ ውጭ አገር ለመላክም ቅድመ ሁኔታዎች ስለሚያስቀምጥ፣ ማን ዳታውን ይይዛል የሚለው ጥያቄ የሥነ ምግባር ብቻ ሳይሆን የሕግም ሆኗል። ቀደም ሲል በተሳተፍኩበት አንድ ሥራ ዳታውን እኛ ሰብስበን፣ እኛው ምልክት አድርገንበት፣ በውጭ አገር ባለ አጋር ተቋም ሰርቨር ላይ አስቀምጠን ነበር። የፕሮጀክቱ ዘመን ባበቃ ማግስት የይለፍ ቃላችን ተዘጋ። ውሉን መልሰን ስናነበው ስለ ዳታው ባለቤትነት አንድ ዐረፍተ ነገር እንኳ አልነበረበትም፤ ጥፋቱም የእኛ ጭምር ነው፣ ሳናነብ ፈርመናልና። ከዚያ ወዲህ በማግዘው ፕሮፖዛል ሁሉ የዳታው አንድ ቅጂ ዘወትር ጎንደር ውስጥ እንዲቀመጥ የሚል አንቀጽ ሳይገባ አላልፍም።

የአገር ውስጥ በጀት

በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ባለሙያዎች ማሠልጠኛ ሆኖ የተመሠረተው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ እንደ ሌሎቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ለመምህራኑ የምርምር በጀት ይይዛል። የኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴርም ለተመራማሪዎች ጥሪ ያወጣል። የኢትዮጵያ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ኢንስቲትዩት መኖሩ፣ ብሔራዊ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፖሊሲም በሰኔ 2016 ዓ.ም. በሚኒስትሮች ምክር ቤት መጽደቁ፣ ፕሮፖዛሉን ከአገሪቱ ዕቅድ ጋር አያይዞ ለሚያቀርብ ሰው ጥሩ መንደርደሪያ ነው።

የዚህ ገንዘብ ጥቅሙ መጠኑ ላይ አይደለም። ፕሮፖዛሉ በሚታወቅ መንገድ ይገመገማል፣ የሥነ ምግባር ፈቃዱም ከዚያው ግቢ ይገኛል፣ ዳታውም ከአገር አይወጣም። ችግሩ ሰኔ 30 ነው። የበጀት ዓመቱ ሲዘጋ ያልተሠራበት ገንዘብ ተመላሽ ስለሚሆን፣ ግዢውም በጨረታ ሥርዓት ስለሚያልፍ፣ ገንዘቡ በጥር ተለቅቆ ዕቃው በግንቦት የሚገባበት ፕሮጀክት ዳታ ለመሰብሰብ የሚቀረው አንድ ወር ብቻ ነው። ስለዚህ ከአገር ውስጥ በጀት ዕቃ ከመጠየቅ ይልቅ አበልና የሰው ጉልበት መጠየቅ ይሻላል። ለሁለት የላቦራቶሪ ባለሙያዎች የሦስት ወር የምልክት ማድረጊያ ክፍያ፣ ለመረጃ ሰብሳቢዎች ወደ ደምቢያና ወደ ጭልጋ የሚሄዱበት የውሎ አበል፣ እነዚህ ያለ ጨረታ የሚከፈሉ፣ ውጤታቸውም የሚቀር ነው። ለቀጣዩ ትልቅ ማመልከቻ የመጀመሪያ ማስረጃ የሚሆነውም ይኸው ሥራ ነው።

አነስተኛና ፈጣን የውጭ ድጋፍ

ግራንድ ቻሌንጅስ እ.ኤ.አ. በ2008 በጀመረው የአነስተኛ ሐሳቦች ዘርፉ የታወቀው በሁለት ገጽ ማመልከቻውና የቀደመ ውጤት ባለመጠየቁ ነው፤ የመጀመሪያው ድጋፍ 100,000 ዶላር ሲሆን የተሳካለት እስከ 1 ሚሊዮን ዶላር ለሚደርስ ሁለተኛ ምዕራፍ ማመልከት ይችል ነበር። ከዚያ ወዲህ የሚወጡት ጥሪዎች ርእሳቸውና ደንባቸው ቢለያይም የማመልከቻው አጭርነት እንደቆየ ነው።

ሁለት ገጽ ማለት ግን ቀላል ማለት አይደለም። በአማርኛ ስናስብ ከመግቢያው፣ ከታሪኩና ከችግሩ ስፋት መጀመር ልማዳችን ነው፤ እንዲህ ባለው ማመልከቻ ግን ሐሳቡ በመጀመሪያው አንቀጽ ካልተቀመጠ ገምጋሚው ወደ ሁለተኛው አይደርስም። «በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ካላዛር ከፍተኛ የጤና ችግር ነው» ብሎ ከመጀመር ይልቅ «በጤና ጣቢያ ያለ ባለሙያ በስልኩ ያነሣውን ፎቶ በአምስት ደቂቃ ውስጥ የሚያነብ ፕሮግራም እንሞክራለን፤ ካልሠራም የማይሠራበትን ምክንያት ከሁለት ባለሙያዎች ንባብ ጋር አነጻጽረን እናሳያለን» ማለት ይሻላል። ሊወድቅ የሚችልበትን መንገድ በግልጽ ያስቀመጠ ፕሮፖዛል እንዲህ ባለው ጥሪ ይከበራል።

የጌትስ ፋውንዴሽን ውጤቱ ለድሃ አገሮች በተመጣጣኝ ዋጋ እንዲደርስና ጽሑፎቹ በነፃ እንዲነበቡ ግዴታ ያስገባል። ለማኅበራዊ ፋይዳ ለሚሠራ ሰው ይህ ሸክም አይሆንም፤ ምርቱን ሸጦ ለመኖር ያሰበ ጀማሪ ድርጅት ግን አስቀድሞ ሊያጤነው ይገባል።

የዳታ ፈንድ

ላኩና ፈንድ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2020 በሮክፌለር ፋውንዴሽን፣ በጎግል ዶት ኦርግና በካናዳው ዓለም አቀፍ የልማት ምርምር ማዕከል 4 ሚሊዮን ዶላር መነሻ ይዞ ሲቋቋም ዓላማው ለማሽን መማሪያ የሚሆን ዳታ በሌለባቸው አገሮች ዳታው በአገሬው ሰው እጅ እንዲሰበሰብ ነበር። ግብርና፣ ቋንቋ፣ ጤናና የአየር ንብረት በተለያየ ጊዜ የጥሪ ርእሶቹ ሆነዋል። ጥሪ በየጊዜው ስለማይኖር አመልካቹ እርሱንም ሆነ በዚያው መንገድ የሚሠሩ ሌሎች ፈንዶችን እየተከታተለ መቆየት አለበት።

ለጎንደር ተመራማሪ ከሁሉ የሚስማማው ይህ ዓይነት ገንዘብ ነው ብዬ አምናለሁ፤ እዚህ የጎደለው ዳታ እንጂ ችሎታ አይደለምና። በማሳካኔ ስም የተሰባሰቡት የአፍሪካ ቋንቋ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2021 በ10 የአፍሪካ ቋንቋዎች የሰው፣ የቦታና የተቋም ስሞች ምልክት የተደረገበት ዳታ ሲያወጡ አማርኛ አንዱ ነበር። ያ ሥራ ጎልቶ የወጣው በገንዘቡ ብዛት ሳይሆን ቋንቋውን የሚናገሩት ራሳቸው ስለሠሩት ነው።

የዳታ በጀት ሲሠራ በጣም የሚረሳው የምልክት አደራረግ መመሪያ ነው። አንዱ ጸሐፊ «ሐኪም»፣ ሌላው «ሀኪም» ቢል ለእኛ አንድ ነው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። የጤና ጣቢያ ንግግር ሲቀዳ ደግሞ አንዲት እናት «ሆዴን ይቆርጠኛል» ስትል፣ ሌላዋ «ይወጋኛል»፣ ሦስተኛዋ «ይነፋኛል» ትላለች፤ ሦስቱም «የሆድ ሕመም» ተብለው ከተመዘገቡ ሐኪሙ ሊለያቸው የሚፈልጋቸው ነገሮች ይጠፋሉ። ይህን መመሪያ ለማዘጋጀት፣ ሁለት ሰዎች በተናጠል ምልክት አድርገው የት የት እንደተለያዩ ለመመርመርና መመሪያውን መልሶ ለማረም ከጠቅላላው ጊዜ ቢያንስ አንድ አራተኛው ቢመደብ አይበዛም።

ፈንዱ ዳታው በክፍት ፈቃድ ለዓለም እንዲለቀቅ ይጠይቃል። ለእንቦጭ ፎቶ ወይም ለጥንታዊ የብራና ጽሑፍ ምስል ይህ በአብዛኛው ያስኬዳል፤ ብራናው የቤተ ክርስቲያን ከሆነ ግን ያለ ባለቤቶቹ በጎ ፈቃድ አይሆንም፤ መሪጌታውና ሰበካ ጉባኤው «ይሁን» ያሉት በጽሑፍ መያዝ አለበት። የሕመምተኛ ድምፅ ግን ስሙ ቢሰረዝም ባለቤቱን ሊያሳውቅ ይችላል። እንዲህ ላለው ዳታ ክፍት ፈቃድ የማይጠይቅ ሌላ ምንጭ መፈለግ የተሻለ ነው።

ትላልቅ የብዙ ዓመት መርሐ ግብሮች

የካናዳው የልማት ምርምር ማዕከል ከስዊድን የልማት ትብብር ድርጅት ጋር እ.ኤ.አ. በ2020 የጀመረው የአፍሪካ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ለልማት መርሐ ግብር 20 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር የተመደበለት ሲሆን፣ ገንዘቡ ለምርምር ማዕከላት፣ ለፖሊሲ ጥናትና ለወጣት ተመራማሪዎች ድጋፍ ውሏል። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2021 በአፍሪካ የጤና ዳታ ሳይንስን ለማጠናከር በአምስት ዓመት 74.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ መድበው ነበር።

እንዲህ ያለውን ገንዘብ አንድ መምህር ከቢሮው ሆኖ የሚያገኘው አይደለም። የዩኒቨርሲቲው የምርምር ጽሕፈት ቤት፣ ፋይናንሱ፣ ሕግ ክፍሉ፣ ሁሉም በአንድነት መሥራት ይኖርባቸዋል፤ በአሜሪካ መንግሥት የዕርዳታ ተቀባዮች መዝገብ ላይ ተቋሙን ማስመዝገብ ብቻ ሳምንታት ይወስዳል። ከዚህም በላይ የመንግሥት ገንዘብ ከመንግሥት ጋር ይለዋወጣል። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 የአሜሪካ የውጭ ዕርዳታ ሲታገድ፣ በግንቦት ደግሞ የጤና ተቋማቱ በዋናው ተቀባይ በኩል ለውጭ ተቋማት የሚተላለፈውን አዲስ ድጋፍ ሲያቆሙ፣ በመካከል የነበሩ የአፍሪካ ፕሮጀክቶች ደመወዝ የሚከፍሉበት አጡ። እኔ የምመክረው በእንዲህ ዓይነቱ መርሐ ግብር መግባት የሚቻል ከሆነ መግባት፣ ነገር ግን ቢያንስ የአንድ ሰው ደመወዝና የዳታ ማከማቻውን ከሌላ ምንጭ መያዝ ነው።

የኩባንያ በጎ አድራጎት

ቀደም ብሎ በተጠቀሰው የጎግል ዶት ኦርግ ውድድር ካሸነፉት አንዱ የኡጋንዳው ማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ ነበር፤ በካምፓላ ጎዳናዎች ዝቅተኛ ዋጋ ያላቸው የአየር ብክለት መለኪያዎችን አስቀምጦ መረጃውን በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚተነትን ፕሮጀክት ይዞ ቀረበ። ልብ ሊባል የሚገባው ቡድኑ ያመለከተው መለኪያዎቹን ሠርቶ ሥራ ላይ ካዋለ በኋላ መሆኑ ነው። የኩባንያ ገንዘብ ሐሳብን ሳይሆን የሚሠራን ነገር ማስፋት ይወዳል። ስለዚህ ጎንደር ላይ ገና በሐሳብ ደረጃ ያለ ቡድን ይህን በር ለኋላ ያቆየው።

የኮምፒውተር ኃይልና ስኮላርሺፕ

ብዙ ፕሮፖዛል በጂፒዩ (ሞዴል ለማሠልጠን የሚያገለግል ፈጣን የኮምፒውተር ማስሊያ) ግዢ ይከብዳል፤ ለጀማሪ ቡድን ግን መግዛት ሳያስፈልግ ብዙ መሄድ ይቻላል። ካግል የተባለው የዳታ ሳይንስ ድረ ገጽ በሳምንት 30 ሰዓት ገደማ ጂፒዩ በነፃ ይሰጣል፤ ጎግል ኮላብም ገደብ ያለበት ነፃ አገልግሎት አለው፤ ለተመራማሪዎች የሚሰጥ የክላውድ ክሬዲትም (በኢንተርኔት የሚከራይ ኮምፒውተር በነፃ የመጠቀም መብት) በአጭር ማመልከቻ ይጠየቃል። የጣናን እንቦጭ መስፋፋት ለሚከታተል ሰው ሴንቲኔል ሁለት የተባለው የአውሮፓ ሳተላይት በየአምስት ቀኑ የሚያነሣው የ10 ሜትር ጥራት ያለው ምስል በነፃ ስለሚገኝ፣ ጎርጎራ ላይ ተቀምጦ ወጪው የጀልባ ኪራይና የማረጋገጫ ጉዞ ብቻ ሊሆን ይችላል። ክሬዲት ግን ገንዘብ አይደለም፤ ለምልክት አድራጊ ደመወዝ አይከፈልበትም፣ ጊዜውም ያልፍበታል።

ለተማሪዎች፣ በአፍሪካ የሒሳብ ሳይንስ ተቋም ሥር እ.ኤ.አ. በ2018 በኪጋሊ የተጀመረው የማሽን ኢንተለጀንስ የማስትሬት ትምህርት በፌስቡክና በጎግል ድጋፍ ሙሉ ወጪ ይሸፍን ነበር። ዲፕ ለርኒንግ ኢንዳባ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በተለያየ የአፍሪካ ከተማ የሚካሄድ የማሽን መማሪያ ጉባኤ ሲሆን የጉዞ ድጋፍ ይሰጣል፤ ለቀጣዩ ፕሮፖዛል አጋር የሚገኝበት ምርጥ ቦታም እርሱ ነው። ዚንዲ በተባለው የአፍሪካ የዳታ ሳይንስ መድረክ ላይ የሚወጡ የሽልማት ውድድሮች ለልምምድ ይጠቅማሉ፤ ምርምር ለማስኬጃ ግን አይታመኑም።

| ምንጭ | ለየትኛው ምዕራፍ | በማን ስም | ድካሙ | ዋናው ጥንቃቄ |
|---|---|---|---|---|
| የዩኒቨርሲቲና የሚኒስቴር በጀት | የመጀመሪያ ዳታ፣ አበል | መምህር በዩኒቨርሲቲው በኩል | መካከለኛ | ሰኔ 30፣ የብር አቅም |
| ግራንድ ቻሌንጅስ | አዲስ ሐሳብ መሞከር | ዩኒቨርሲቲ፣ ማኅበር፣ ድርጅት | አነስተኛ | ፉክክር፣ የተደራሽነት ግዴታ |
| ላኩና ፈንድና መሰሎቹ | ዳታና ምልክት | ተቋም | መካከለኛ | ክፍት ፈቃድ |
| የካናዳና የአሜሪካ መርሐ ግብሮች | ማዕከል ማቋቋም፣ ሰው ማሠልጠን | ዩኒቨርሲቲ | በጣም ከባድ | የፖሊሲ ለውጥ |
| የኩባንያ በጎ አድራጎት | የሚሠራን ማስፋት | ተቋም | ከባድ | ዕድሉ ጠባብ ነው |
| ነፃ ጂፒዩና ክሬዲት | ሞዴል ማሠልጠን | ግለሰብም ይችላል | ቀላል | ጊዜው ያልፋል |
| ስኮላርሺፕና የጉዞ ድጋፍ | ሰው ማሠልጠን | ግለሰብ | ቀላል እስከ መካከለኛ | ለፕሮጀክት አይሆንም |

ለማን የትኛው?

በጀት ለሌለው የማስትሬት ተማሪ ነፃ ጂፒዩ፣ በነፃ የሚገኝ የሳተላይት ወይም የቋንቋ ዳታ፣ ከዚያም የኢንዳባ የጉዞ ማመልከቻ በቂ ጅማሮ ነው። ለወጣት መምህር የውስጥ በጀቱን ለ500 በጥንቃቄ ምልክት ለተደረገባቸው ምስሎች አውሎ፣ በእርሱ ማስረጃነት በሚቀጥለው ዓመት ለአነስተኛ የውጭ ድጋፍ ማመልከት ይሻለዋል። ለአገር በቀል ማኅበር የዳታ ፈንድ ይስማማዋል፤ ከሕዝቡ ጋር ያለው ቅርበት የትኛውም ላቦራቶሪ የማይገዛው ሀብቱ ነውና፤ ብቻውን ከመሮጥ ግን ከዩኒቨርሲቲው ጋር የመግባቢያ ሰነድ ይፈራረም። ትልቁን መርሐ ግብር የሚያስብ የምርምር ቡድን ደግሞ ከጥሪው ስድስት ወር አስቀድሞ ከምርምር ጽሕፈት ቤቱ ጋር ይቀመጥ።

የጊዜ ገደቡን በሚመለከት ሁለት ነገር ላክል። ብዙ ጉባኤዎች «በምድር ላይ በየትኛውም ቦታ» የሚሉት የመዝጊያ ሰዓት በእኛ አቆጣጠር በማግስቱ ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ ነው፤ ይህን ሳያውቁ በዋዜማው እኩለ ሌሊት ተስፋ ቆርጠው የተኙ ሰዎችን አውቃለሁ። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ካየነው በኋላ ደግሞ ማመልከቻን ከመዝጊያው ቢያንስ ሦስት ቀን ቀድሞ መላክ፣ የመግቢያ ቃሉንም አዲስ አበባ ላለ አንድ የቡድን አባል ማስያዝ የግድ ሆኗል።

ማንኛውም የጤና ዳታ የሚነካ አመልካች ጥሪ እስኪወጣ ሳይጠብቅ የሥነ ምግባር ፈቃድ ማመልከቻውን ዛሬ ያስገባ፤ ጥሪው ከወጣ በኋላ የሚቀረው ጊዜ ለኮሚቴው ስብሰባ አይበቃም።